መተማና የዐፄ ዮሐንስ የመጨረሻ ዘመቻ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ አዘዞን አልፎ እስከ ጭልጋ ድረስ በደጋው አየር ይሄዳል። ከጭልጋ በኋላ ግን ምድሩ ወደ ታች ያዘቀዝቃል፤ ወይራውና ጽዱ ይቀርና ግራሩና የዕጣኑ ዛፍ ይተካል፤ ነፋሱም ይሞቃል። ወደ ቆላው ከወረዱ በኋላ በስተ ሰሜን አርማጭሆና አብርሃ ጅራ፥ በስተ ደቡብ ቋራ፥ በመካከል መተማ ይገኛሉ። ሱዳኖች አትባራ የሚሉት የጓንግ ወንዝም በዚሁ ቆላ አልፎ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ዛሬ ሰሊጥና ጥጥ የሚታረስበት ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ጭቃው እግር የሚይዝ፥ ንዳዱም ደገኛን የማይምር ነው፤ በበጋ ደግሞ ውኃው ይርቃል፥ ሣሩም ይቃጠላል። ስለዚህ ከደጋ የሚወርድ ሠራዊት የሚዘምትበት ወራት አጭር ነው፤ ዝናሙ ካባራ በኋላ ገብቶ፥ ዝናሙ ሳይመለስ መውጣት አለበት።

በዚህ ቆላ በመጋቢት ወር 1881 ዓመተ ምሕረት የሆነው ነገር የኢትዮጵያን ታሪክ አካሄድ ለውጦታል። ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ዮሐንስ ከብዙ አገር የሰበሰቡትን ሠራዊት ይዘው አንዲት ከተማ ከደርቡሽ እጅ ለማስለቀቅ ወረዱ፤ የከተማይቱም ቅጥር ተሰበረ፤ ነገር ግን ከተማይቱ አልተያዘችም። በእጅ የገባው ድል እንዴት እንደ ወጣ ለመረዳት የጦርነቱን ቀን ብቻ ማየት አይበቃም። ያን ሁሉ ሠራዊት ያስተሳሰረው ምን እንደ ነበረ፥ ማሰሪያውም ለምን አንድ ብቻ እንደ ነበረ ከመነሻው መመልከት ያስፈልጋል።

መተማ ከቀድሞ ጀምሮ የገበያ ከተማ ነበረች። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ለመሄድ የተነሡ፥ ተክሩር የሚባሉ እስላሞች በመንገድ ቀርተው በዚያ ሰፍረው ነበር። ሹማቸውም አንድ ጊዜ ለጎንደር ገዥ፥ አንድ ጊዜ ለሱዳን ገዥ፥ አንዳንድ ጊዜም ለሁለቱም እየገበረ ገበያውን ይጠብቅ ነበር። ከደጋው ቡናና ሰም፥ ዝባድና ከብት ይወርዳል፤ ከሱዳን በኩል ጥጥና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይመጣል፤ በዚያን ዘመን በነበረው ክፉ ልማድም ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ነበር። የደጋው ክርስቲያን ነጋዴና የቆላው እስላም ነጋዴ ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው ቢለይም በሚዛንና በዋጋ ይግባቡ ነበር። ኋላ ግብጾች ሱዳንን ገዝተው ኃይላቸው ወደ ምሥራቅ ሲገፋ በመተማ ወታደር አኖሩ። ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓመተ ምሕረት በጉንደትና በጉራ የግብጽን ጦር ድል ቢያደርጉም፥ ይህ የምዕራብ በር በግብጾች እጅ እንደ ቈየ ቀረ።

በ1873 ዓመተ ምሕረት መሐመድ አሕመድ የሚባል የሱዳን ሰው የሚጠበቀው መሐዲ እኔ ነኝ ብሎ ተነሣ። የግብጽ ግብር የከበደበትና የሹማምንቱ ግፍ ያስመረረው ሕዝብም ተከተለው። ተከታዮቹ በገዛ ቋንቋቸው አንሷር ይባላሉ፤ ኢትዮጵያውያን ግን ደርቡሽ ይሏቸዋል። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ የግብጽ ወታደሮች በየምሽጉ ተከበቡ። በዚያን ጊዜ ግብጽን ይዘው የነበሩት እንግሊዞች የተከበቡትን የሚያወጡበት መንገድ ሲፈልጉ ዐይናቸውን ወደ ኢትዮጵያ አቀኑ፤ አድሚራል ሂዌት የሚባለውንም ሹም ወደ ዐፄ ዮሐንስ ላኩ። ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓመተ ምሕረት በዐድዋ ውል ተፈረመ። የውሉም ቃል፥ ንጉሠ ነገሥቱ የተከበቡት ወታደሮች በኢትዮጵያ ምድር አልፈው ወደ ምጽዋ እንዲወጡ ይረዳሉ፤ በዚህም ፈንታ የቦጎስ አገር ለኢትዮጵያ ይመለሳል፤ የጦር መሣሪያም ሳይቀር የኢትዮጵያ ዕቃ በምጽዋ በር ያለ ቀረጥ ይገባል ይወጣል የሚል ነበር።

ዐፄ ዮሐንስ ቃላቸውን ፈጸሙ። በ1877 ዓመተ ምሕረት የኢትዮጵያ ጦር ወደ ቆላ ወርዶ በመተማ የተከበቡትን የግብጽ ሰዎች አወጣ፤ በደጋውም መንገድ አሳልፎ ወደ ምጽዋ ሸኛቸው። ትናንት በጉራ የተዋጓቸውን ዛሬ ከሞት አዳኗቸው። ነገር ግን ይህን በማድረጋቸው ኢትዮጵያ ከደርቡሽ ጋራ ደም ተቃባች። ካርቱም ጥር 19 ቀን 1877 ዓመተ ምሕረት በመሐዲው እጅ ወደቀች፤ ከ10 ቀን በኋላም ኢጣልያ እንግሊዝ እያወቀች ምጽዋን ያዘች። እንደዚህ ሆኖ በውሉ ለኢትዮጵያ ክፍት ይሆናል የተባለው በር ለሌላ ተሰጠ፤ በውሉ ምክንያት የመጣው ጠላት ግን ለኢትዮጵያ ቀረ። በመስከረም ወር 1878 ራስ አሉላ በኩፊት የዑስማን ዲግናን ጦር ድል አደረጉ፤ ይህም የተዋጉት ከሰላን ለማዳን ተልከው ነበር፤ ከሰላ ግን አስቀድማ ወድቃ ኖሯል።

ግብጾች ከወጡ በኋላ መተማን ደርቡሾች ያዟት። ከደጋውም የሸሹ ሰዎች ወደዚያ ወረዱ። በ1870 ዓመተ ምሕረት በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ እስላሞች እንዲጠመቁ በታዘዘ ጊዜ፥ ብዙዎቹ ትእዛዙን ሲቀበሉ፥ አንዳንዶቹ አገራቸውን ትተው ተሰደዱ፤ ከተሰደዱትም ወደ ደርቡሽ የተጠጉ ነበሩ። ሰው በግድ የተወውን አገር በልቡ አይተወውም፤ እነዚህም የደጋውን መንገድና መግቢያ የሚያውቁ ነበሩ። በዚህ ላይ መሐመድ ወድ አርባብ የሚባለው የመተማ አሚር ወደ ደጋው ጥግ እየወጣ መንደር ይዘርፍ፥ ሰውም ይማርክ ጀመር።

በምዕራብ ያለውን ድንበር የሚጠብቁት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በጥር ወር 1879 ዓመተ ምሕረት ከጎጃም ጦራቸው ጋራ ወደ ቆላ ወርደው መተማን ወጉ። ወድ አርባብ ሞተ፤ ከተማይቱም ተቃጠለች። ነገር ግን ንጉሡ ምርኮአቸውን ይዘው ወደ ደጋ ተመለሱ። የደገኛ ጦር በቆላ ሊከርም አይችልምና ያሸነፉባት ከተማ ባዶ ቀረች፤ ባዶ የቀረችውንም ከተማ ጠላት እንደገና ሊይዛት አልተቸገረም። በዚያው ወር በሰሜን በኩል ራስ አሉላ በዶጋሊ 500 የሚያህል የኢጣልያ ጦር ደመሰሱ። በአንድ ወር ውስጥ በሁለት በኩል ድል ተገኘ፤ በአንድ ወር ውስጥም በሁለት በኩል የሚበቀል ጠላት ተነሣ።

መሐዲው በሰኔ 1877 ከሞተ በኋላ የሱዳን ገዥ የሆነው ኸሊፋ ዐብዱላሂ የመተማን መቃጠል በሰማ ጊዜ መጀመሪያ ዩኑስ የሚባለውን አሚር፥ ቀጥሎም ከአሚሮቹ ሁሉ በጦር የበረታውን ሐምዳን አቡ ዓንጃን ላከ። አቡ ዓንጃ በጥር 1880 ዓመተ ምሕረት፥ በጥምቀት ሰሞን፥ ብዙ ጦር ይዞ ወደ ደምቢያ ወጣ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ በሚባለው ቦታ ገጠሙት። የጎጃም ፈረሰኛ በብርቱ ተዋጋ፤ ነገር ግን የደርቡሽ ጠብመንጃ በዛ፥ የንጉሡም ጦር ተፈታ፤ ከቤተሰባቸው ሳይቀር ተማረከ። ከዚህ በኋላ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ጠባቂ አልነበረውም። ደርቡሾች ወደ ከተማይቱ ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፤ ንዋየ ቅድሳቱን ዘረፉ፤ ካህናቱን ገደሉ፤ ሴቶችንና ሕፃናትን እየነዱ ወደ መተማ ወሰዱ። የ44 ታቦታት ከተማ ስትባል ከኖረችው ከጎንደር ከጥፋት ተርፈው ዛሬ ከሚታዩት አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። የአገሩ ሰው ንብ ወጥቶ ወራሪውን አባረረው እያለ ይተርካል። ይህን የሚተርክ ሁሉ ግን የሌሎቹን ደብሮች አመድ አብሮ ያስታውሳል።

በዚያን ጊዜ የቀረው የኢትዮጵያ ኃይል ወዴት ነበረ? ዐፄ ዮሐንስ በሰሜን ነበሩ። ኢጣልያ ለዶጋሊ ደም 20 ሺህ የሚያህል ጦር አምጥታ በሰሐጢ ምሽግ ሠርታ ስለ ነበረ፥ ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1880 በምሽጉ ፊት ሰፍረው ጠላት ወደ ሜዳ እንዲወጣ ጠበቁ፤ ጠላት ግን አልወጣም፥ እሳቸውም ሳይዋጉ ተመለሱ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ወደ በጌምድር ሄደው እንዲረዱ ታዘው መጡ፤ ነገር ግን የደረሱት አቡ ዓንጃ ጎንደርን አቃጥሎ ከተመለሰ በኋላ ነው። በሳር ውኃ ብቻቸውን የተሸነፉት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ጌታዬ በጭንቄ ጊዜ አልደረሱልኝም ብለው አዘኑ። ሁለቱ ነገሥታት ተገናኝተው በዐፄ ዮሐንስ ላይ ተስማሙ። በሰኔ ወር ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅና ተስፋቸው ራስ አርአያ ሥላሴ በመቀሌ ሞቱ። በዚያም ዓመት የከብት እልቂት ገብቶ የገበሬው በሬ በየሜዳው ይወድቅ ጀመር።

ዐፄ ዮሐንስ የሁለቱን ነገሥታት ስምምነት በሰሙ ጊዜ ተቈጡ፤ ጦራቸውንም ይዘው ወደ ጎጃም ወርደው አገሩን አስዘረፉ። ይህ በዘመናቸው ከሆነው ነገር ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነው ነው። የጎጃም ሰው በዓመቱ መግቢያ ስለ ድንበሩ በደርቡሽ እጅ ወድቆ ነበር፤ በዓመቱ መውጫ ደግሞ በገዛ ንጉሡ ሠራዊት ጎተራው ተገለበጠ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ገብተው ታረቁ፤ ነገር ግን በተዘረፈ አገር ላይ የተደረገ እርቅ አፍ ላይ የሚቀር ነው። በዓባይ ማዶ ያሉት ንጉሥ ምኒልክም እንደ ጠላት ተጠብቀው ቀሩ። ስለዚህ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓመተ ምሕረት መግቢያ ላይ ሦስት ፊት ይታያቸው ነበር፤ በሰሜን ኢጣልያ፥ በደቡብ ሸዋ፥ በምዕራብ መተማ።

በዚህ ጭንቅ መካከል ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ ሰው የማያስታውሰውን አንድ ሥራ ሠሩ። ጎንደርን ወዳቃጠለው ወደ አቡ ዓንጃ የሰላም ደብዳቤ ላኩ። የቃሉም ፍሬ ነገር፥ የሁለታችን ጦርነት ድኻውን በከንቱ ያስፈጃል፤ የእኔም የአንተም ጠላት ከባሕር ማዶ የመጣው አውሮፓዊ ነው፤ እኔን ቢያጠፋ አንተን አይተውም፤ ስለዚህ እርስ በርሳችን መዋጋቱን ትተን በእርሱ ላይ እንተባበር፥ ነጋዴውም እንደ ቀድሞው በሰላም ይመላለስ የሚል ነበር። ደብሩ የተቃጠለበትና ሕዝቡ የተማረከበት ንጉሥ ይህን ለመጻፍ ምን ያህል ቍጣ መዋጥ እንዳለበት አንባቢ ያስብ። አቡ ዓንጃ ግን እስልምናን ካልተቀበልህ ሰላም የለም ብሎ በስድብ መለሰ። ከዚህ በኋላ ለንጉሡ የቀረላቸው መንገድ አንድ ሆነ።

አቡ ዓንጃ የጻፈውን መልስ ፍጻሜ አላየም፤ በጥር ወር 1881 በመተማ ታሞ ሞተ። በቦታው ዘኪ ጠማል ተሾመ። ዘኪም የንጉሠ ነገሥቱን መምጣት ሰምቶ ወደ ሜዳ ሊወጣ አልደፈረም፤ ከተማይቱን ዙሪያዋን በእሾህና በግንድ አጠረ፥ በስተ ውስጥም ጠብመንጃ የያዙትን አሰለፈ። ደርቡሾች ይህን ቅጥር ዘሪባ ይሉታል። ቅጥሩ ለዐይን ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ፈረስ አያልፈውም፥ እግረኛም እሾሁን ሲጐትት ጥይት ያገኘዋል።

የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት በዚያው በጋ ተከተተ። ከትግሬ ራስ አሉላና ራስ መንገሻ፥ ከወሎ ራስ ሚካኤል፥ ከንጉሡም ዘመዶች ራስ ኃይለ ማርያም ጉግሣና ሽማግሌው ራስ አርአያ ነበሩበት፤ የበጌምድርና የሌላውም አገር ሰው ተሰብስቧል። ራስ ሚካኤል ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በፊት ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩት ናቸው። የዘመኑ ጸሐፊዎች የኢትዮጵያን ሠራዊት ከ100 ሺህ በላይ፥ የደርቡሽን ከ60 እስከ 80 ሺህ ያደርሱታል። የሸዋ ጦር ግን በዚያ አልነበረም፤ ጎጃምም ቍስሉ አልሻረም ነበር።

ይህ ሠራዊት እንዴት እንደሚቆም ማወቅ ያስፈልጋል። ወታደሩ የሚበላው ከጌታው እጅ ወይም ከባላገሩ ጎተራ ነው፤ የሚሰማው የጌታውን ነጋሪት፥ የሚከተለው የጌታውን ሰንደቅ ነው። የወሎው ሰው ራሱን ለራስ ሚካኤል፥ የሐማሴኑ ሰው ራሱን ለራስ አሉላ ሰጥቷል። መኳንንቱ ሁሉ ደግሞ አንገታቸውን ያቀረቡት ለአንድ ሰው ነው። በመካከላቸው የቆየ ቂም የነበራቸው፥ ርስት የሚከራከሩ፥ አንዱ ከሌላው ሥር ቢታዘዝ እንደ ውርደት የሚቈጥሩ ነበሩ። በንጉሡ ድንኳን ፊት ግን ሁሉም ቦታውን ያውቃል። የአገራችን ሰው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል፤ ወደ መተማ የወረደውን ድር ግን አብሮ የያዘው ራሱ አንበሳው ነበር።

የካቲት አልቆ መጋቢት ሲገባ ሠራዊቱ ወደ ቆላ ወርዶ በመተማ ፊት ሰፈረ። ቅዳሜ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓመተ ምሕረት በማለዳ ጦርነቱ ተጀመረ። የኢትዮጵያ ሰው ቅጥሩን ከብቦ በአራቱም ማዕዘን ገፋ። አቧራውና የባሩዱ ጢስ ተቀላቅሎ ወገን ከወገን የማይተያይ ሆነ። ብዙ ሰው በእሾሁ ላይ ወደቀ፤ የኋለኛው የፊተኛውን ሬሳ እየተራመደ ቀረበ። በመጨረሻም ኃይላቸውን በአንድ ወገን ላይ አበርትተው ቅጥሩን በእሳት አያይዘው ሰበሩት። ወደ ከተማይቱም ገቡ፤ ቤቱ ይቃጠል ጀመር፤ ከጎንደር ተማርከው የነበሩ ሰዎች የወገኖቻቸውን ድምፅ በዚያ ጢስ ውስጥ ሳይሰሙ አልቀሩም። የዘኪ ጠማል ሰልፍ በዚያ በኩል ተፈታ፤ ጥይታቸውም እያለቀ ሄደ። የደርቡሽ ሰዎች ራሳቸው በኋላ እንደ መሰከሩት ነገሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ዐፄ ዮሐንስ እንደ አባቶቻቸው ልማድ ከኋላ ቆመው የሚያዝዙ ንጉሥ አልነበሩም፤ በፊት ተሰልፈው ይዋጉ ነበር። መጀመሪያ እጃቸውን ጥይት አገኛቸው፤ ከቁም ነገር ሳይቈጥሩት ወደ ፊት ሄዱ። ሁለተኛው ጥይት ግን አካላቸውን ወጋው። ተሸክመው ወደ ድንኳናቸው ወሰዷቸው። ንጉሡ ቈሰሉ የሚለውም ወሬ ከቅጥሩ ውስጥ ወዳለው ሰው ደረሰ።

በዚህ ጊዜ የሆነውን በፈሪነት መተርጐም አይገባም። እሾሁን በደረቱ የጣሰ ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ፈሪ አይሆንም። ነገር ግን ያ ሠራዊት ከንጉሡ በታች ሁሉንም የሚያዝዝ ሰው አልነበረውም። ራስ አሉላ የራስ ሚካኤልን ጦር ሊያዝዙ፥ ራስ ሚካኤልም የትግሬን ጦር ሊያዝዙ ሥልጣን የላቸውም። እያንዳንዱ ጌታ ወደ ንጉሡ ድንኳን ዞረ፤ እያንዳንዱ ወታደር ወደ ጌታው ዞረ። የተሰበረው ቅጥር ባዶ ቀረ፤ የተያዘው ሰፈር ተለቀቀ። ያን ያህል ሠራዊት በጠላት ሳይገፋ ካሸነፈበት ቦታ ወጣ።

በዚያች ሌሊት ንጉሠ ነገሥቱ መኳንንቱን ሰበሰቡ። እስከዚያ ቀን የወንድማቸው ልጅ ይባሉ የነበሩትን ራስ መንገሻን ልጄ ናቸው ብለው ገለጡ፤ ወራሻቸውም እንዲሆኑ ለራስ አሉላና ለቀሩት አደራ ሰጡ። መጋቢት 2 ቀን 1881 ዐረፉ። አደራው ግን ዘገየ። ራስ አርአያ ሥላሴ ከሞቱ በኋላ ወራሹ ማን እንደሆነ በሸንጎ ያልተነገረለት ሕዝብ በአንዲት ሌሊት በሞት አልጋ አጠገብ የተነገረውን ቃል እንዴት ይቀበላል? ሲነጋ ሠራዊቱ በየጌታው ተለያይቶ ወደ ደጋ ይወጣ ጀመር።

ዘኪ ጠማል በማግስቱ የሰፈሩን ጸጥታ አይቶ መጀመሪያ ተንኮል መሰለው፤ የንጉሡን ሞት ባወቀ ጊዜ ግን ተከተለ። የንጉሡን ሬሳ ይዘው ቀስ ብለው የሚጓዙትን ጥቂት ታማኞች በጓንግ ወንዝ አጠገብ ደረሰባቸው። እንግሊዛዊው መንገደኛ ዋይልድ እንደ ጻፈው፥ ሽማግሌው ራስ አርአያ ጥይታቸው ካለቀ በኋላ በሬሳው ሣጥን አጠገብ ቆመው በጎራዴና በጋሻ እየተከላከሉ እዚያው ወደቁ። ሌላው መኰንን ርስቱን ለማዳን ሲፋጠን፥ እኒህ ሰው የሞተውን ጌታቸውን ጠበቁ። የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ፤ በአደባባይም ታየ። በዚያን ጊዜ በኦምዱርማን እስረኛ የነበረው የኦስትሪያው ቄስ ኦርዋልደር ካመለጠ በኋላ ስለዚህ ነገር ጽፏል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሁሉ በፍጥነት ነው። ንጉሥ ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነቱን ሥልጣን ያዙ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ፥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881፥ ከኢጣልያ ጋራ የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። በትግሬ የራስ መንገሻን ወራሽነት ያልተቀበሉ መኳንንት ተነሥተው እርስ በርስ ተዋጉ። በዚያው ክረምት ኢጣልያ በሰሐጢ ፊት ለፊት ያልደፈረችውን ደጋ ያለ ጦርነት ወጥታ አሥመራን ያዘች። በከብቱ እልቂት የተጀመረው ረኃብም ክፉ ቀን ተብሎ እስከ 1884 ድረስ አገሩን ጨረሰው።

ደርቡሾችም ድል አድርገናል ብለው የደስታ መድፍ ይተኩሱ እንጂ ድሉን አልበሉትም። ብርቱዎቹ ተዋጊዎቻቸው በመተማ ቅጥር ውስጥ አልቀዋል። በዚያው ዓመት በሱዳን የወደቀው ረኃብ የቀረውን የዘኪ ጠማል ጦር ቈርጦ ጣለው፤ ከዚያ ወዲህም ያን በሚያህል ኃይል ወደ ደጋው አልወጡም። ዘኪ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በገዛ ጌታው በኸሊፋው ትእዛዝ በኦምዱርማን ታስሮ በረኃብ ሞተ። ኸሊፋውና ዐፄ ምኒልክ ከዐድዋ ድል በኋላ መልእክተኛ ተላላኩ፥ የወዳጅነትም ቃል ተለዋወጡ፤ ዐፄ ዮሐንስ ለአቡ ዓንጃ የጻፉት አሳብ በዚያን ጊዜ እውነት መሆኑ ታወቀ። ነገር ግን ለሱዳን መንግሥት ጊዜው አልፎ ነበር፤ በነሐሴ 1890 የእንግሊዝና የግብጽ ጦር በኦምዱርማን ደመሰሰው። ግንቦት 7 ቀን 1894 በተፈረመው የድንበር ውል ደግሞ አንዱ የገበያ አገር በአንዲት ፈፋ ተከፈለ፤ ገላባት ለሱዳን፥ መተማ ለኢትዮጵያ ሆነ።

በዚያችም ፈፋ ላይ ከ50 ዓመት በኋላ እንደገና ጦርነት ሆነ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓመተ ምሕረት በስሊም የሚታዘዘው የእንግሊዝና የህንድ ጦር ኢጣልያኖች የያዙትን ገላባትን አስለቀቀ፤ መተማን ግን በዚያ ቀን ሊይዝ አልቻለም። ኢጣልያኖች በጥር ወር መተማን ለቀው ሄዱ። በዚያው ወር ስሊም በኤርትራ ሲዋጋ ቈሰለ፤ ጭፍራው ግን በሌላ አዛዥ ሥር ጦርነቱን ቀጠለ። የእንግሊዝ፥ የህንድ፥ የሱዳንና የሌላም አገር ወታደር፥ ከእነርሱም ጋራ የኢትዮጵያ አርበኞች፥ በዚህ ዓይነት ተባብረው ኅዳር 18 ቀን 1934 ጎንደርን አስለቀቁ። እርግጥ የአንድ ብርጌድ አዛዥ እንደ ንጉሠ ነገሥት አይደለም፤ መቍሰሉም መንግሥት አያናውጥም። ይሁን እንጂ ከሁለቱ ዘመቻዎች አንድ ነገር ይታያል። ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰበ ጦር የሚጸናው አዛዡ ሲወድቅ ማን እንደሚተካ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ በመተማ የጐደላቸው ጀግንነት አልነበረም፤ የሠራዊትም ብዛት አልነበረም። ጎጃም ባይዘረፍ፥ ሸዋ ቢታመን፥ ወራሹ በሰላም ጊዜ በሸንጎ ቢነገር፥ የእሳቸው መውደቅ የአንድ ሰው መውደቅ ሆኖ በቀረ ነበር። ይህን ማለት ንጉሡን መንቀፍ አይደለም፤ የሰውን ዕዳ ከፍለው፥ ለጠላታቸው እንኳ የሰላም እጅ ዘርግተው፥ በመጨረሻም ሕይወታቸውን ስለ አገራቸውና ስለ ሃይማኖታቸው የሰጡ ናቸው። ነገር ግን የታላቅ ሰው ሞት ለተከታዮቹ ትምህርት ካልሆነ ሐዘን ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ዛሬ ከአብርሃ ጅራና ከሸኸዲ ሰሊጡን ጭኖ ወደ ድንበሩ የሚወርድ ነጋዴ የሚደርስባት ከተማ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ንጉሡ ቅጥሯን አሰብረው ያልገቡባት ከተማ በስማቸው ትጠራለች።